እናትህ ማን ብላ ትጠራሃለች?

ሽንፋ፣ ጥር 19

ውድ ባየልኝ፣

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው ወንድማገኝ ነው፤ ያ ቀዩን ትራክተር የሚነዳው። ከገለጉ ወዲያ ጥጥ ለቀማ ላይ እንዳየህ የነገረኝም እሱ ነው። ስልክህን ስሞክር ሁለት ወር ከረምኩ። ጥሪ አይቀበልም የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ከገዛ እህቴ ድምፅ በላይ ለመድኩት። አራት ዓመት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተምሬ አንድ ሰው ለማግኘት በመጨረሻ የቀረኝ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ትራክተር ነው። ሳቅብኝ፣ ይገባኛል።

ደህና ነህ ወይ? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አባዬ ዓይኑ በርቶለት ከሱቁ ሆኖ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ይጠራል። ሙቀቱ ዘንድሮ ቸኩሎ መጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ራሱ ይግልና እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። መሃል ላይ ተናደህ እንዳትቀደው። እስከ መጨረሻው አንብበውና ከዚያ ብትፈልግ እሳት አንድድበት።

የአባትህ መታመም ሳይደርስህ የቀረው በእኔ ነው። ቤተሰቦቼ ሳይፈልጉኝ ቀሩ ብለህ ከሆነ እንደዚያ አይደለም። እናትህ ደውለዋል። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የለም ያልኳቸውም እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ግቢ ሳለን፣ ላብ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሲደርሰን፣ ኪቦርዱን ሁልጊዜ ለእኔ ትተህ ከኋላዬ ትቆም ነበር። ኮዱ እምቢ ሲለኝ ጎንበስ ትልና የተሳሳተውን መስመር በጣትህ ታሳየኛለህ። «አይቼዋለሁ» እልሃለሁ። ወላሂ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። አንተም ይህን እያወቅክ አንድም ቀን አላጋለጥከኝም። ሦስተኛችን መጂዳ ግን አትምረኝም ነበር፤ «ዋሲላ ስታጠፋ ይቅርታ የሚጠይቀው ኮምፒውተሩ ነው» ትል ነበር። ያን ጊዜ ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ብዙም ቀልድ አልነበረም።

ትምህርቱ አልቆ የቀረን የመመረቂያ ፕሮጀክት ብቻ ሆኖ ሳለ ግቢው ጥሪውን ሲያዘገይ ሁላችንም ተበተንን። እኔ ፕሮጀክቴን ከቤት ሆኜ ጀመርኩ። ርዕሱን ታውቀዋለህ፣ ግን ጥፋቴ ያለው እዚያው ሥሩ ላይ ስለሆነ ልድገምልህ።

የአባዬ ሱቅ፣ እነሱ ሐጂ ቤት የሚሉት፣ ለደጋ ሰው ሱቅ ብቻ አይደለም። ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሁሉ እርሻ ካምፕ ከመግባቱ በፊት ደህና ልብሱን በከረጢት አድርጎ አባዬ ጋ ያስቀምጣል። አባዬም መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይሰቅልለታል። ካምፕ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ደጋ ላይ ሰው ሲታመም፣ ሲሞት፣ ሲወለድ የሚደወለው ለአባዬ ነው። እሱ ሰውየው የማን እርሻ ላይ እንዳለ ያውቃል፤ ውኃ ለሚያመላልሰው ትራክተር ቃል ይሰጣል፤ በማግስቱ ሰውየው ሱቁ በር ላይ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አንድ ፊደል ጽፎ አያውቅም። ከረጢት ሲቀበል የሚጠይቃት ጥያቄ ግን አለች። «እናትህ ማን ብላ ትጠራሃለች?» ይላል። ያ ሁሉ ጎረምሳ ያፍራል፣ ይስቃል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነግረዋል።

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ከአባዬ ጭንቅላት አውጥቼ ኮምፒውተር ውስጥ ላግባው አልኩ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ወረዳ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበት እርሻ። ደዋይ ስም ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ፣ ሲስተሙ ሰውየው ያለበትን ያወጣል። አድቫይዘራችን መምህር አለምሰገድም ወደደው። እኔማ ስለራሴ የማስበው ነገር ከጣራ በላይ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከቤት ወደ ሱቁ ስወጣ አንተ አባዬ ፊት ቆመህ አገኘሁህ። ከረጢትህን አስረክበህ፣ የአባዬን ጥያቄም መልሰህ ጨርሰሃል፤ እኔ አልሰማሁም። ማጭድ ይዘህ ሳይህ ደነገጥኩ። የምታፍር መስሎኝ ቀድሜ አፈርኩልህ። አንተ ግን ጭራሽ አላፈርክም። ግቢው እስኪጠራን እጄ ማጭድም ይልመድ ብለህ ሳቅክ።

ላፕቶፔን አዙሬ አሳየሁህ። መታወቂያህን ተቀብዬም መዘገብኩህ፤ ቁጥርህ አርባ ሦስት ነው። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አየኸውና እንደ ልማድህ ጎንበስ ብለህ በጣትህ ነካኸው።

«አባትሽ የሚጠይቁትን የት አደረግሽው?»

«መታወቂያ ላይ የሌለ ስም ዳታ አይደለም» አልኩህ። እንዴት ኮርቼ እንደተናገርኩት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«እኛ አገር እኮ ሰው የሚፈለገው እናቱ ባወጣችለት ስም ነው። የመታወቂያውን ስም መምህርና ቀበሌ እንጂ እናቴ ጠርታኝ አታውቅም።»

እሺ፣ ያንተ ማን ነው ታዲያ ብዬ ጠየቅኩህ። ለአባትሽ ነግሬያለሁ፣ ያንቺ ሲስተም ቦታ የለኝም አለ አይደል ብለህ ቀለድክብኝ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ሁለተኛ አልለምንም። ተወው ብዬ ላፕቶፑን ከደንኩት። አንድ ጊዜ ብደግምልህ ትነግረኝ ነበር። አንተ ሰው የምታስለምን ልጅ አይደለህም። በልቤ ግን ማን ብለው እንደሚጠሩህ ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ስሞች ስሞክርልህ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ቢጻፍ ምን ያደርጋል። ወድጄህ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ከዚያ አንተ እርሻ ገባህ። አባዬ ደግሞ የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ጎንደር ወጣና ከዘመድ ቤት ሆኖ ከወር በላይ ቆየ። ሱቁ በእኔ እጅ ቀረ። ለሙከራዬ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል! በተደወለ ቁጥር መዘገብኩ፤ ማን ተፈለገ፣ ተገኘ ወይስ አልተገኘም፣ መልሱ ስንት ሰከንድ ፈጀ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ደስታው እንደ አንድ ነገር ያረገኝ ነበር። አባዬ አንድን ሰው ለማግኘት ከደዋዩ ጋር ሩብ ሰዓት ያወራል፤ ከብት እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ልጁ መልኩ ምን ይመስላል። እኔ በሰከንድ እጨርሳለሁ።

ጥቅምት 14 ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል። መስመሩ ይቆራረጣል። አንዲት እናት ናቸው፤ ልጄን አዱኛን ፈልጌ ነው አሉ። ጻፍኩት። ሦስት አዱኛ ወጣ፤ ሁለቱ የበለሳ፣ አንዱ የወሎ። ከየት ነው አልኳቸው። ከጋይንት አሉኝ።

«ከጋይንት አዱኛ የሚባል የለም፣ እማማ።»

«ኧረ አለ፣ የኔ እናት። ቆይ ልንገርሽ፣ አባቱ…»

የአባቱን ስም የሚነግሩኝ መሰለኝ። ዋናው ስም ከሌለ የአባት ስም ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ አልኳቸውና ዘጋሁት። ፊቴ ሳሙና የሚጠይቅ ሰው ነበር። ያን ዕለት የመዘገብኩት እንዲህ ይላል፦ ጥያቄ 147፣ አዱኛ፣ ጋይንት፣ አልተገኘም፣ 11 ሰከንድ። ምላሽ ተሰጥቷል በሚለውም ላይ ምልክት አደረግኩ።

አንተ ያን ጊዜ ከሽንፋ በትራክተር የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነበርክ። አባትህ ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን በሕይወት ቆይተዋል። ሰባት ቀን፣ ባየልኝ። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልነግርህም።

ኅዳር 2 ከካምፕ ወጥተህ ስትመጣ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። እየሳቅክ ነው የመጣኸው። ፊትህ ጠቁሯል፣ እጅህ በሰሊጡ ሙጫ ጠቁሯል። የአገርህ ሰው ደጃፉ ላይ አገኘህና እግዜር ያጥናህ አለህ። ለማን ብለህ ጠየቅከው። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ነበርኩ። ሰውየው ሲነግርህ አልጮህክም፤ የተሰለፈውን የዘይት ጀሪካን አየት አድርገህ ቀስ ብለህ ተቀመጥክበት። ውኃ ሰጠሁህ፣ አልጠጣኸውም። ከዚያ ቀና ብለህ አየኸኝ።

«ዋሲላ፣ ወደዚህ የደወለልኝ ሰው ነበር?»

እኔም ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያን ጊዜ እንኳ ሰው አልሆንኩም፤ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የተደወሉት ጥያቄዎች መዝገብ ላይ ባየልኝ ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልወጣም።

«የለም፣ ማንም አልጠየቀህም» አልኩህ።

ራስህን ነቅነቅ አድርገህ ከረጢትህን ተቀበልከኝና ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በሚሄደው መኪና ተሳፈርክ። ለእናትህ የለም አልኩ፣ ላንተም የለም አልኩ። ሁለታችሁንም አላገኘኋችሁም።

አባዬ ኅዳር 10 ተመለሰ። ባዲስ ዓይኑ መጀመሪያ ያየው መጋዘኑን ነው። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየነካ ሄደና አንዱ ባዶ ሚስማር ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አዱኛ ወጣ እንዴ?» አለኝ።

«አዱኛ ማን?»

«ጓደኛሽ ነዋ። የጋይንቱ ተማሪ።»

የማስታውሰው ከመጋዘኑ መውጣቴን ብቻ ነው። ጥያቄ 147ን ከፍቼ አየሁት። ከዚያ ተመልሼ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብቻ አለኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ያን የምጠይቀው የሚደውልልኝ ቀበሌው ስላልሆነ ነው። እናቱ ናት የምትደውልልኝ።»

መምህር አለምሰገድ ጋ ጎንደር ድረስ ሄጄ ነገርኩት። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሊያረጋጋኝ ብሎ ነው። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ አንዱ ቢሳሳት ምንም አይደለም፣ የተጠቃሚ ስህተት ብለሽ እለፊው አለኝ። ተጠቃሚዋ እኮ እናትህ ናቸው። እኔ እንጂ እሳቸው ምን ተሳሳቱ? የልጃቸውን ስም ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል?

ቤት ተመልሼ አልተገኘም ያልኳቸውን ሠላሳ አንድ ሰዎች ቁጥር እያወጣሁ ደወልኩ። ከነሱ የዘጠኙ ልጆች ከረጢት እኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የሌሎቹ ቀላል ነበር፤ አንዱ የተፈለገው ወንድሙ ስላገባ ነበር፣ አንዱ ላሟ ስለጠፋች ነበር። እንዳንተ የከበደ አልነበረም። ግን ስህተቱ አንድ እንዳልሆነ አወቅኩ።

ታኅሣሥ ላይ ግቢው ጠራንና ፕሮጀክቴን መምህራኑ ፊት ለዲፌንስ አቀረብኩ። መጂዳ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በዓይኗ በርቺ እያለችኝ ነበር። ሠንጠረዡን አሳየሁና 147 ላይ ቆምኩ። ስምህን አልጠራሁም፤ የሆነውን ግን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አንዱ መምህር መነጽሩን አውልቆ ሲስተምሽ አይሠራም እያልሽን ነው አለኝ። አዎ፣ እንደሠራሁት ከሆነ አይሠራም አልኩ። ወጥቼ እንድጠብቅ ነገሩኝ። ውጤቱ ሙከራውን ከመጀመሪያው ደግሜ ሰኔ ላይ እንዳቀርብ ሆነ። መጂዳ በሚቀጥለው ወር ጋውን ትለብሳለች። እኔ የለሁበትም። አባዬ ለምርቃቴ ቀን ሊለብሰው ሱዳን ካለ ወዳጁ ያስመጣውን ነጭ ጀላብያ አጥፎ መልሶ ሳጥን ውስጥ አስገባው፤ ሰኔም ያው ሙቀት ነው፣ አይበላሽም አለ። አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ግን የተጠቃሚ ስህተት ብዬ አልፌው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጋውን ለብሼ አባዬ ፊት እንዴት እቆም ነበር?

ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ጥሪ ነው። የእናትህን ቁጥር እያየሁ ሦስት ቀን ዋልኩ። በአራተኛው ቀን አባዬ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ደወልኩ።

እማማ ውባንች ነዎት ወይ አልኩ። ነኝ አሉ። ጥቅምት ላይ የለም ያልኩዎት የሽንፋዋ ልጅ ነኝ ብዬ ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ ካቆምኩ እንደማልቀጥል አውቃለሁ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ አልኩ።

«ልጄ አልሰማም ነበር?» አሉኝ።

«አልሰማም፣ እማማ። ያላሰማሁት እኔ ነኝ።»

«እና መጥቶ ደወለልኝ ወይ ብሎ ጠየቀ?»

«ጠየቀ። እሱንም የለም አልኩት።»

ከዚያ አለቀሱ። በቀስታ ነው እንጂ በጩኸት አይደለም። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ፤ ሰከንድ አልቆጠርኩም።

«ጨክኖ የቀረ መስሎኝ እኮ ነው» አሉ። «ሐጂ ቤት የተፈለገ ሰው አይጠፋም፣ ራሱ የለም በሉ ብሎ አስብሎ ነው አሉኝ ጎረቤቶቹ። እኔም ስሙን መጥራት ተውኩ። እንኳን ነገርሽኝ፣ አንች ልጅ። እንኳን ነገርሽኝ።»

አልረገሙኝም። እኔ ለመረገም ተዘጋጅቼ ነበር የደወልኩት።

ታላቅ ወንድምህ ደሞዝም ስልኩን ተቀበለ። ቤት ስትደርስ ምን እንዳለህ ነገረኝ፤ አባትህን አፈር ሳታለብስ ምን ልትበላ መጣህ እንዳለህ፣ አንተም አንድ ቃል ሳትመልስ በማግስቱ እንደወረድክ። ለምን አልመለስክለትም? አልሰማሁም ብትለው ምን ነበረበት? እሺ፣ ቢያምኑህም ባያምኑህም ደክሞህ ይሆናል። ደሞዝ እንዲህ በይው ብሎኛል፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «ይምጣ። ምንም አልለውም። ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ይቅርታውንም የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

እናትህ ደግሞ አርባውን እንደነገሩ ነው ያሳለፉት፤ ጎረቤት ሁሉ ተዝካሩን መቼ ነው የምታወጭ ቢላቸው ልጄ ሳይመጣ አላወጣም ብለዋል። መንፈቁ ሚያዝያ 21 ነው። እስከዚያ ይጠብቁሃል። ከዚያ በኋላም ይጠብቁሃል፣ ግን እባክህ አታስጠብቃቸው። ጥጡ ያላንተም ይለቀማል።

አሁን ስለ እኔ ሁለት ነገር ብቻ ልበልህና ላብቃ።

አንደኛው፣ ይቅር በለኝ። ቶሎ ባትለኝም አልከፋብህም።

ሁለተኛው፣ ፎርሙን ቀየርኩት። ከስምም ከመታወቂያም በፊት፣ የመጀመሪያው መስመር የአባዬ ጥያቄ ነው። ደዋይ ሲደውልም ስሙ እስኪገኝ ብቻ ሳይሆን ተናግሮ እስኪጨርስ አዳምጣለሁ፤ ከሰከንዱ ይልቅ ደዋዩ ምን አለ የሚለውን እጽፋለሁ። ሐሳቡ ያንተ እንደሆነ ለመምህር አለምሰገድ ነግሬዋለሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ ነው፣ ከመጣ ስሙ ካንቺ ስም ጎን ይግባ ብሎኛል። ዲግሪህ እጅህ ላይ ደርሶ ሜዳ ላይ አትጣለው። አንተ ከኋላዬ ካልቆምክ ደግሞ ስንቱን ስህተት «አይቼዋለሁ» ብዬ እንደማልፍ ታውቃለህ።

ወንድማገኝን ካምፑ ሲገባ በሁለቱም ስም እንዲጣራ አድርጌዋለሁ። በመታወቂያው ዝም ብትል በእናትህ ትወጣለህ ብዬ ነው። እኔ ግን ባየልኝ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ያኛው የሳቸው ነው።

ቁጥር አርባ ሦስትን ትናንት አስተካክዬዋለሁ። አሁን ማንም እናት አዱኛ ከጋይንት ብላ ብትደውል ትገኛለህ። የቀረው አንድ ሳጥን ብቻ ነው፤ ያለበት ቦታ የሚለው። ከገለጉ ወዲያ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ባዶውን ተውኩት። አገርህ ስትደርስ ደውልልኝና፣ እናቱ ቤት ብዬ ልጻፍበት።

ዋሲላ አብዱረሕማን
ከሽንፋ፣ ከአባዬ ሱቅ